ክትሩን ማን ይጠግን ነበር?

ዛሬ ፎገራ አክስቴ ዘንድ ደርሼ አሁን ባሕር ዳር ገባሁ። እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ስላወቅሁ ነው የምጽፈው።

የርብ ወንዝ ክትሩን ሰብሮ ወጥቶ የሩዝ ማሳውን ውጦታል። "ሩዝ ውሃ ይወዳል፣ ምን ይሆናል" የምትሉ አትሳሳቱ፤ ደለል ከተጫነው አለቀለት። አክስቴ ለልጆቹ ቀለብ ያስቀመጠችው ጤፍ ረጥቦ መሽተት ጀምሯል። ጆንያ ላይ ዘርግታ በእጇ ታገላብጠዋለች።

ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። አንዱ ኃላፊ "በጀት አልተለቀቀም" አለ። ሌላው "የእኛ ድርሻ አይደለም" አለ። ሦስተኛው "የተፈጥሮ አደጋ ነው" ብሎ ሊቋጨው ሲል አንድ ሽማግሌ ተነሡ። "ልጄ፣ ዝናቡን እግዜር አመጣው። ክትሩ የተሸነቆረው ግን አምና ነው፤ አመልክተናል።"

እውነታቸውን ነው። የተሰበረው ቦታ ድረስ ሄጄ አየሁት፤ በከብት መውረጃው በኩል ነው። አምና የደፈኑበት የአሸዋ ጆንያ በስብሶ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል።

ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ በኩል አፈር ጠርገው ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው ይቀንስና ደለሉን እዚያው ይጥሉታል፤ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ጣና ሲሞላ ደግሞ ውሃው መውጫ ያጣል። ስለዚህ ክትር አንዴ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም፣ በየበጋው መጠገን አለበት። በ1998 ክረምትም ይኸው ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ስንቱ ከቤቱ ተፈናቅሏል። አላውቅም ነበር የሚል ባለሥልጣን ሊኖር አይገባም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በጥቅምት ውሃው ሲጎድል፣ የጥገናው ኃላፊ ማን እንደሆነና ስንት ብር እንደተያዘ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።