«ቢ ሳይሆን አይቀርም»

በዩኒቨርሲቲ፣ የሕግ ተማሪ ሆኜ፣ የመጀመሪያውን ፈተና የተፈተንኩት ኮሪደር ላይ ነው። ማየት ስለማልችል ጥያቄውን የሚያነብልኝ ሰው ተመደበልኝ፤ የቢሮ ሠራተኛ የሆኑ ትልቅ ሴትዮ። ሌሎቹን እንዳንረብሽ ተብሎ ከበሩ ውጪ ሁለት ወንበር ወጣልን። እሳቸው እንግሊዝኛውን ፊደል እየቆጠሩ ያነባሉ፣ እኔ ግማሹን እገምታለሁ፣ ተማሪ በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ደግሞ ድምፃቸው ይጠፋል። አንዱን ጥያቄ ከነምርጫው አንብበው ሲጨርሱ በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ ቢ ሳይሆን አይቀርም» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። እኔን የጨነቀኝ ግን መሳሳታቸው ብቻ አልነበረም። ትክክል ቢሆኑስ? ውጤቱ የማን ሊባል ነው?

እንደገባሁ ምንም አልጠየቅኩም ነበር። ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድኩት «ጥሩ ልጅ» መሆንን ነው፤ የሰጡህን አመስግነህ መቀበል። የዶርም ልጆች ያነቡልኛል፣ ካፌም ክፍልም ይዘውኝ ይሄዳሉ፣ ሌላ ምን ያስፈልገኛል? ሚድ ሲደርስ ሁሉም የራሱን ማንበብ ነበረበት። ማንንም አልወቅስም። በውለታ ላይ የቆመ እርዳታ የሚጠፋው አጥብቀህ በምትፈልገው ሳምንት ነው፤ ይህን ለመረዳት አንድ ኤፍ ፈጅቶብኛል።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ግቢው ሲዘጋ ቤት ተመለስኩ። ታላቅ ወንድሜ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛልኝና ኤንቪዲኤ የሚባለውን፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንኩበት። ነፃ ነው። ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሮቦት ይመስላል፣ አማርኛም ያነባል። ሁለት ሳምንት ራሴን አዞረኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን በፍጥነት ማዳመጡን ስለምደው ሰው ሲያነብልኝ እንቅልፌ ይመጣ ጀመር።

አስቸጋሪው ፋይሉ ነው። ከሚሰጡን ሀንድአውቶች ብዙዎቹ በስልክ ፎቶ ተነስተው ፒዲኤፍ የተደረጉ ናቸው፤ ኤንቪዲኤ «ባዶ» ብሎ ያልፋቸዋል። ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ «ሀ» የሚመስለው ለዓይን ብቻ ነው፤ ከሥሩ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ቁጥር፣ ስላልሆነ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይለቅብሃል። ነጋሪት ጋዜጣ ከሁሉም ይብሳል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚታተም፣ ስካኑን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም መስመሩን አቋርጦ ሁለቱን ይሰፋቸዋል፤ «ማንኛውም ሰው ኤኒ ፐርሰን» እያለ። የአገሬን ሕግ የማነበው ለእረፍት በመጣ የዲያስፖራ ልጅ አማርኛ ነበር ማለት ነው።

ግቢው ሲከፈት ደብዳቤ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሦስት ገጽ ነበር፤ ታሪኬን፣ ችግሬን፣ ተስፋዬን ሁሉ ዘረገፍኩበት። ያነበበው ሁሉ አዘነ፣ «አይዞህ፣ እግዜር ይርዳህ» አለኝ፣ ወረቀቱም በዚያው ቀረ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ነው። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ብቻ፦ ለእያንዳንዱ የፈተና ሰዓት ግማሽ ሰዓት ጭማሪ፤ በር የሚዘጋ ክፍልና ከላይኛው ባች የመጣ ትምህርቱን የሚያውቅ አንባቢ፤ ሀንድአውት ሁለት ሳምንት ቀድሞ በዎርድ ፋይል። ከሥሩ ሁለት አንቀጽ ጠቀስኩ። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትን ጨምሮ ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛው የሚስማማ ማስተካከያ፣ እንዲደረግ ያዛል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ከዚያ መዝገብ ቤት ሄጄ ቁጥር አስያዝኩና በእጄ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማህተም አስመታሁ። ሥራውን የሠራው አንቀጹ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ ማህተሙ ነው እላለሁ። ቁጥር የያዘ ወረቀት መልስ ሳያገኝ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ጸሐፊዋንም ያሳስባታል።

«የሕክምና ማስረጃ አምጣ» መባሌን ሳልናገር አላልፍም። ነጭ በትሬን ይዤ ፊታቸው ቆሜ! ሄጄ አመጣሁ፣ አሥር ኮፒም አስነሳሁ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ዘጠኙ አልቋል።

ጊዜውና ክፍሉ ተፈቀደ። ፋይሉን አንዳንዱ መምህር ሰጠኝ፣ አንዳንዱ «እልክልሃለሁ» እንዳለ ሴሚስተሩ አለቀ። ለቀረው ጓደኞቼን መለመን ትቼ ንግድ ገባሁ። እነሱ ለራሳቸው ሲያጠኑ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ስልኬ ይቀዳል፤ እኔ በፈተና ዋዜማ እየጠየቅኩ አስጠናቸዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3367 ቁጥር አለው፣ የውሉ ክፍል ከ1675 ይጀምራል፤ በቃሌ ስለምይዘው የሚፈልጉኝ እነሱ ሆኑ። የንባብ ደንባችን ቀላል ነበር፦ መጀመሪያ የአንቀጹ ቁጥር፣ ከዚያ ንባቡ፣ «ከላይ እንዳየነው» ማለት ክልክል። ቅጂዎቹን ቴሌግራም ላይ አስቀመጥናቸው።

እነዚያን ቅጂዎች ከእኔ በላይ የሚያዳምጥ አንድ የዶርማችን ልጅ እንዳለ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ክፍል ውስጥ ሲከራከር አፍ ያስከፍታል፤ ወረቀት ሲሰጡት ግን አንድ ገጽ ሰዓት ይፈጅበታል። መስመሩ እንደሚዘልበት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «ሰነፍ» ሲባል እንዳደገ አንድ ማታ አጫወተኝ። ዲስሌክሲያ፣ ዓይን ጤነኛ ሆኖም ማንበብን የሚያከብድ ችግር፣ ሊሆን እንደሚችል የነገርኩት እኔ ነኝ፤ በጉራ ደብዳቤውንም እኔው ጻፍኩለት። እሱም ማስረጃ ተጠየቀ። ሆስፒታል ሄደን የዓይን ምርመራ ታዘዘለት፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው ተብሎ ተመለሰ። ያ ወረቀት ጭራሽ መከራከሪያ ሆነበት፦ «ይኸው፣ ምንም የለብህም»።

ማህተሙ ለእኔ የሠራልኝ አካል ጉዳቴ ከበር ላይ ስለሚታይ ነው። ይህን ሳላስብ የራሴን መንገድ አስያዝኩት። የጠቀመው ሌላ ነገር ሆነ፤ ዲኑን ትቶ የሚቀርበውን አንድ መምህር ቢሮ ድረስ ሄዶ አነጋገረ። የበሽታ ስም አልጠራም፣ «ጥያቄውን አንብቡልኝና በቃሌ ልመልስ» አለ እንጂ። ያ መምህር ተስማማ። ሌሎቹ አልተስማሙም፣ ሁለት ኮርስም ደገመ። አሁን የሚጠይቁኝ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የማጣራው ችግራቸው የሚታይ ወይም የማይታይ መሆኑን ነው።

ከ2015 ጀምሮ ማንም የመውጫ ፈተና ሳያልፍ፣ 50 ከመቶ ሳያመጣ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አይዝም። ለዚያ፣ ፈተናው ወር ሲቀረው፣ ደብዳቤዬን አስገባሁ። የተመደበልኝ ወጣት መምህር ነው። ሳንጀምር ተስማማን፦ ጥያቄው ሁለት ጊዜ፣ ምርጫዎቹ ሁሉ በእኩል ድምፅ፣ አስተያየት የለም። መሐል ላይ አንዱ ምርጫ ጋ ሲደርስ ድንገት ዝም አለ።

«ምነው?» አልኩት።

«ይቅርታ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው» አለና ውሃ ጠጥቶ ከ«ኤ» ጀምሮ ደገመልኝ።