ሲስተር ጡረታ ሲወጡ ያልጠየቅናቸው ነገር

የህፃናት ዋርድ ኃላፊ ከሆንኩ ገና አምስት ወሬ ነበር። ከ20 ዓመት በላይ እዛው ዋርድ የሰሩ ሲስተር ጡረታ ወጡ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበስናቸው፣ አልቅሰን ሸኘናቸው። የሚያውቁትን ለማን እንደሚተዉልን ግን ማንም አልጠየቃቸውም፣ መጠየቅ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ።

ወር ሳይሞላ ነው፣ ሌሊት ላይ በከባድ የምግብ እጥረት የተኛ 6 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ራሱን ሳተ። ስኳሩ ወርዷል። ኤፍ 75 የሚባለውን የህክምና ወተት በየ2 ሰዓቱ መውሰድ ነበረበት፣ ቻርቱ ላይ ግን የሌሊቱ 8 ሰዓትና 10 ሰዓት ባዶ ነው፣ ተረኛዋ ብቻዋን ናት፣ እናትየዋን ድካም ጥሏታል። መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ነው፣ ለልጅ የሚሰጠው 10 ፐርሰንት ነው፣ እና ተረኛዋ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ እንዴት ላቅጥነው ብላ ደወለችልኝ። አንድ እጅ ግሉኮስ ሶስት እጅ የመርፌ ውሃ፣ በኪሎ 5 ሚሊ፣ ስለዚህ 7.5ቱን በ22.5 አድርገሽ 30 ሚሊ በደም ስሩ ስጪው አልኳት። ልጁ ተረፈ።

ጠዋት ሁሉም የሚለው አንድ ነው፣ ሲስተር ቢኖሩ እንዲህ አይሆንም ነበር። ማስጠንቀቂያ ይሰጣት ያሉኝም ነበሩ፣ እምቢ አልኩ። እሷን ብቀጣት ቀጣዩ ሰው ባዶውን ቻርት ሞልቶ ነው የሚያድረው፣ ያ ደግሞ ልጅ ይገድላል።

ከዛ አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ እያመሸሁ ወፍራም የአሰራር ፋይል አዘጋጀሁ። ማንም አልከፈተውም፣ አልፈርድባቸውም፣ መመሪያው ድሮም ቁምሳጥን ውስጥ አለ፣ የጎደለን ወረቀት ላይ የሌለው ነው። ይሄ የገባኝ ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚወሰደው ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ስልጠና ላይ ነው፣ ስለ ጃፓናዊው የማኔጅመንት ምሁር ኖናካ ሲነገረን። ማትሱሺታ ይባል የነበረው ካምፓኒ፣ የዛሬው ፓናሶኒክ፣ የዳቦ ማሽን ሲሰራ ሊጡ እምቢ አላቸው፣ አንዷ ሰራተኛቸው ኦሳካ ያለ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ዳቦ ጋጋሪ ስር ሆና እየሰራች ሊጡን ሲስብ ጠምዘዝ እንደሚያደርገው ያየችው እዛ ነው። ጋጋሪውን ቁጭ አድርገው ቢጠይቁት እኮ አይነግራቸውም ነበር፣ እጁ እንጂ አፉ አያውቀውም።

በማግስቱ ሲስተር ጋር ደወልኩ፣ ሁለት ጠዋት ብቻ ይምጡልን አልኳቸው። መጡ። ከአልጋ አልጋ ስንዞር የእያንዳንዱን ልጅ እግር በእጃቸው ጀርባ ነካ ያደርጋሉ፣ ለምን ስላቸው ቆም ብለው አሰቡ፣ "እግሩ ከቀዘቀዘ ወተቱን አልጠጣም ማለት ነው፣ እናትየዋ ጠጥቷል ብትልሽም" አሉኝ። የሚያለቅሰውን ሳይሆን ዝም ያለውን ልጅ ቀድመው ያያሉ። የሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ደግሞ ከወተቱ ሰዓት ሩብ ሰዓት ቀድመው እናቶቹን በየስማቸው ይቀሰቅሳሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይሄን ማንም አልፃፈውም፣ አንዷ ነርስ እየተከተለች ፃፈችው።

ከዛ በኋላ ጠዋት ከተረኞች ርክክብ ቀጥሎ 10 ደቂቃ ያዝን፣ ሌሊት ሊያመልጥሽ የነበረ ነገር ምንድነው ብቻ ነው የሚጠየቀው፣ ከስራ አፈፃፀም ምዘና ጋር እንደማይገናኝ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ሶስት ሳምንት ማንም አልተነፈሰም። የራሴን ስህተት እኔ እየጀመርኩ ነው የቆየሁት፣ ኃላፊ ካልጀመረ ማን ይጀምራል? በአራተኛው ሳምንት ያቺው የዛን ሌሊቷ ተረኛ ተነሳችና ሁሉንም ተናገረች፣ ብቻዬን ስለነበርኩ አንደኛው አልጋ ላይ ደም ሲሰጥ እያየሁ ሰዓቱ አለፈኝ አለች። እንግዲህ የሰው ቁጥር ችግር መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው፣ ይዤው የነርሶች ኃላፊዋ ሜትሮን ጋር ሄድኩ፣ ለሌሊት ሁለተኛ ሰው ተመደበልን።

የ40 ፐርሰንቱ ግሉኮስ አበጣበጥ አሁን በዛችው ተረኛ እጅ ፅሁፍ ትሮሊው ላይ ተለጥፏል። ባለፈው ወር እሷ ራሷ ዝውውር ሲደርሳት ክሊራንስ ላስፈርም ብላ አልመጣችም መጀመሪያ፣ የምትተካትን ልጅ ይዛ ሁለት ሌሊት አብራት አደረች፣ ሳልፍ ያየኋት የአንዱን ህፃን ብርድ ልብስ ገልጣ የልጅቷን እጅ ይዛ እግሩ ላይ ስታስነካት ነው።