ሁለት መስመር ይዤ በጠባቡ የታነቅሁበት ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ አስተዳድራለሁ። ከሁለት አቅራቢ መስመር አስገብታችሁ በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገዳቸውን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ልታገናኙ ካሰባችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ጅማሬው ቀላል ነው። የኤኤስ ቁጥር (የኔትወርካችሁ መለያ) እና የአይፒ አድራሻ፣ የአፍሪካን የኢንተርኔት ቁጥሮች ከሚያድለው ከአፍሪኒክ ይጠየቃል፣ ራውተሩ ይዋቀራል፣ በሁለቱም በኩል ፊልተር ይገባል። ፊልተሩን እንዳትዘሉት፤ ከአንዱ የተቀበላችሁትን መንገድ ለሌላው ካሳለፋችሁ ትንሿ ቢሯችሁ የሁለት ድርጅቶች ድልድይ ትሆናለች። ወጪውን ትራፊክ ማዘዝም አያስቸግርም፦ በፋይበሩ ለሚመጣው መንገድ ሎካል ፕሪፈረንስ (የመንገድ ምርጫ ነጥብ፤ ከፍ ያለው ያሸንፋል) 200 ሰጠሁ፣ ጠባቡን ተጠባባቂ የማይክሮዌቭ (የሬዲዮ) መስመር 100 ላይ ተውኩት፤ አለቀ።

ያቃጠለኝ ገቢው ትራፊክ ነው። የተጠባባቂው አቅራቢ መመሪያ "ፕሪፔንድ አድርጉ፣ መንገዱ ሲረዝም ትራፊኩ ይሸሻል" ይላል። የራሴን ኤኤስ ቁጥር መንገዱ ላይ ደጋግሜ በመጻፍ አደረግሁ። አልሸሸም። ተጠቃሚዎቻችን በብዛት የዚያው አቅራቢ ደንበኞች ናቸው፤ ሰፊው ፋይበር ባዶውን ተቀምጦ ሁሉም በጠባቡ ይጋፋል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ቢጂፒ አስቀድሞ የሚያየው ሎካል ፕሪፈረንስን ነው፤ ርዝመት የሚነሳው እሱ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። አቅራቢዎች ደግሞ ከሚከፍላቸው ደንበኛ ለሚመጣ መንገድ ከፍ ያለውን ቁጥር ይሰጣሉ፤ ገንዘባቸው እዚያ ነዋ። ቁጥሬን የፈለግሁትን ያህል ብደጋግመው እነሱ ኔትወርክ ውስጥ የሚቆጥረው የለም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?

ጠዋት ስደውል "ቴክኒካሉ ፊልድ ወጥቷል"። ከሰዓት በኋላ፣ በዚያ ሙቀትና በበርጫ ሰዓት፣ ድሬ ላይ ማን ስልክ ያነሳል? ያነሳው ልጅም "አቦ ፒንግ ያደርጋል እኮ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለኝ። ፒንግ! እሱ መስመሩ ሕያው መሆኑን እንጂ ትራፊኩ በየት እንደሚመጣ አይናገር። ሎካል ፕሪፈረንሱን የሚያስቀንስ ኮሚዩኒቲ (ከመንገዱ ጋር አያይዤ የምልከው የትእዛዝ ምልክት) አላችሁ ወይ ብዬ በጽሑፍ ጠየቅሁ። "ጥያቄዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" የሚል መልስ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም።

በሌላ በር ገባሁ። /23 አድራሻችንን (ቁጥሩ ሲጨምር የአድራሻው ክልል ይጠባል) በሁለቱም መስመር አናውንስ እያደረግሁ፣ ማለትም ለዓለም እያሳወቅሁ፣ በፋይበሩ በኩል ብቻ ለሁለት /24 ሸነሸንኩት። ራውተር ምንጊዜም ጠበብ ያለውን የአድራሻ ክልል ይከተላል፤ ሎካል ፕሪፈረንስ እዚህ ጋ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓኪስታን የወጣ አንድ /24 የዩቲዩብን /22 የነጠቀው በዚሁ ሕግ ነው። ፋይበሩ ሲቆረጥ /24ዎቹ ይጠፉና /23 በተጠባባቂው ላይ ይቀራል።

አድራሻ አትሸንሽኑ፣ የዓለም ራውቲንግ ሠንጠረዥ ያብጣል ይባላል። እውነት ነው። ኮሚዩኒቲ የማይሰጥ አቅራቢ ያለበት ሰው ግን ይሸንሽን፤ እኔን ደስ ብሎኛል።

አስቀድማችሁ ለ/24ዎቹ አርኦኤ (አድራሻውን የትኛው ኤኤስ አናውንስ ማድረግ እንደሚችል የሚመሰክር የተፈረመ መዝገብ) ፍጠሩ፤ ያላችሁ አርኦኤ /23ን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የሚያጣሩ ኔትወርኮች ይጥሏቸዋል። ይህን ሞሪሺየስ ካለው አፍሪኒክ ጋር ከወንበሬ ሳልነሳ ጨረስኩ። እዚሁ አገር ያለው የፋይበር አቅራቢ ግን ፊልተሩን ለ/24 ለመክፈት ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ ያውም ዋናውን፣ በአካል አምጣ አለ። ደብዳቤው ላይ /23ንም ሁለቱንም /24 ዘርዝሩ፤ ያልተጻፈውን አይከፍቱም።

ውል ሳትፈርሙ የኮሚዩኒቲ ዝርዝራቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ዝርዝር የለንም ካሉ፣ ዋጋቸው ቢረክስም እለፏቸው። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እሑድ ጠዋት ፋይበሩን ራሳችሁ ንቀሉና መንገዱ መዞሩን ከውጭ በሉኪንግ ግላስ (ሌላ ኔትወርክ መንገዳችሁን እንዴት እንደሚያየው በሚያሳይ ድረ ገጽ) እዩ። ለማየት ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ ወዲያው አይዞርም።