108 ድንጋዮች በባንጋሎር

እማዬ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሕንድ አገር ባንጋሎር ከመጣች አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር። ቀዶ ሕክምናው እግዚአብሔር ይመስገን በደህና አልቋል። እኔ ግን በነዚያ ሁሉ ቀናት ከሆስፒታሉ ግቢ አልራቅኩም። «ዛሬ ወጣ ብለሽ አየር ውሰጂ። እንዲህ አፍጥጠሽ ስትጠብቂኝ እኔም አላርፍ» አለችኝ። መቁጠሪያዋ እንደ ሁልጊዜው ትራሷ ሥር ነው።

የት እንደምሄድ የነገረኝ ያስተረጉምልን የነበረው ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው። ከተማው ውስጥ ኮረብታ ላይ የተሠራ ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰው ሁሉ ኢስኮን ይለዋል። በሜትሮ ሂጂ አለኝ። የከተማው ባቡር «ናማ ሜትሮ» ይባላል፤ በአገሬው በካነዳ ቋንቋ «የእኛ ሜትሮ» ማለት ነው። አረንጓዴውን መስመር ይዤ የወረድኩበት ጣቢያ ስም «ሰንደል ሶፕ ፋክተሪ» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ቤታችን ቡና ሲፈላ የምንለኩሰው ያው ሰንደል! አካባቢው ከሰንደል እንጨት ዘይት ሳሙና የሚሠራ የመንግሥት ፋብሪካ አለበት። በሰው አገር፣ ያውም በጭንቅ ሰሞን፣ ከቤት የማውቀውን ቃል ግድግዳ ላይ ማግኘቴ ሆዴን አላወሰው።

ከጣቢያው በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ በባጃጅ ተጨናንቋል። እነሱ ኦቶ ነው የሚሉት። ደጁ ላይ ሴቶች ጃስሚን አበባ በክር እየሰኩ ይሸጣሉ፤ ገዢዎቹ ፀጉራቸው ላይ ይሰኩታል። ጫማዬን አስረክቤ ቁጥር ተቀበልኩ። በባዶ እግር መግባቱ አልከበደኝም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ እያወለቅን ያደግን ነን።

ቤተ መቅደሱ ጥንታዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የመረቁት የያኔው የሕንድ ፕሬዚዳንት ሻንካር ዳያል ሻርማ ናቸው። የደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች የሚታወቁበት ባለ ብዙ ደረጃ ማማ አለው፤ በማማዎቹ መሀል ደግሞ እንደ ከተማው የቢሮ ሕንፃዎች መስታወት ተገጥሟል። በፎቶ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር። ከሥሩ ቆሜ ሳየው ግን ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ሕዝብ ያለበት ከተማ ነው፤ ቤተ መቅደሱም የዚያ ሕዝብ ነው።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ድንጋዮቹ ናቸው። ወደ ዋናው አዳራሽ የሚወስደው መንገድ ላይ 108 ድንጋዮች ተደርድረዋል። ምእመኑ እያንዳንዱ ላይ ይቆምና «ሀሬ ክሪሽና ሀሬ ክሪሽና፣ ክሪሽና ክሪሽና ሀሬ ሀሬ፤ ሀሬ ራማ ሀሬ ራማ፣ ራማ ራማ ሀሬ ሀሬ» ይላል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደፊት። የጸሎት ዶቃቸውም 108 ነው። እዚህ ግን ቁጥሩን የሚቆጥረው እግር ነው።

ከፊቴ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ቀኝ እጃቸውን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ከተዋል፤ ዶቃውን እዚያ ውስጥ ነው የሚቆጥሩት። ተረከዛቸው እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የእግራቸው ጣት ላይ የብር ቀለበት አለ። ድንጋዩ ላይ ሁለቱንም እግሮቻቸውን አስተካክለው ካልቆሙ ጸሎቱን አይጀምሩም። ከኋላችን ሰልፉ ረዝሟል። አንድም ሰው «ቶሎ በሉ» አላለም።

እኔ የነሱን ጸሎት አልጸለይኩም። የራሴ አለኝ። ስለ እማዬ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ አንድ ድንጋይ፣ ሁለት ድንጋይ አልኩ። በእኛ ልማድ አርባ አንድ ጊዜ ነው የሚባለው፤ 41 ላይ አንዱን ጨረስኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ 82 ላይ ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛውን 26 ላይ ሳደርስ ድንጋዩ አለቀና ሰልፉ ገፍቶ አስገባኝ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ትከሻዬ ሲቀልለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የአምላካቸው የክሪሽናና የተወዳጁ የራዳ ምስሎች በወርቅና በአበባ አጊጠው ቆመዋል። ሁለት አፍ ያለው ከበሮ ይመታል። ሰዎች እጃቸውን አንስተው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ግንባራቸውን መሬት ያስነካሉ። እኔ ጥግ ይዤ ቆምኩ። አልሰገድኩም። ግን ሰው የልቡን የሚናገርበት ቦታ መሆኑ ይሰማኝ ስለነበር ድምፄን አጥፍቼ ነው የቆየሁት።

መውጫው ላይ ከደረቅ ቅጠል በተሠራ ጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ምግብ ይታደላል። ፕራሳዳም ይሉታል፤ መጀመሪያ ለአምላካቸው የቀረበ ማለት ነው። በእኔ እምነት ይህን መብላት አልችልም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ይቅርታ ጠየቅኩ። አዳዩ ፈገግ ብሎ ለቀጣዩ ሰው ሰጠ። ፊቱ ላይ ቅያሜ አላየሁም።

ስለ ምግብ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ኮረብታ ላይ የተጀመረ አንድ ሥራ አለ። አክሻያ ፓትራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባንጋሎር ውስጥ በአምስት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች 1,500 ልጆችን ምሳ በማብላት ጀመሩ። በዓመቱ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልሎች ሁሉ ለተማሪዎች የበሰለ ምሳ እንዲያቀርቡ አዘዘ። ዛሬ ድርጅቱ ከመንግሥት ጋር እየሠራ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ልጆችን በየትምህርት ቀኑ ያበላል። ሩዙና ወጡ የሚበስለው በእንፋሎት በሚሠሩ ግዙፍ ድስቶች ነው። አዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ ከመጀመሩ በፊት፣ አስተማሪዋ አክስቴ በረሃብ ክፍል ውስጥ ስለሚወድቁ ልጆች እያለቀሰች ስታወራ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ይሄ ለእኔ ተራ ወሬ አይደለም። የዚያን ቤተ መቅደስ ወርቅ ብረሳ እንኳ ድስቶቹን አልረሳም።

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አክሻያ ፓትራ ማለት «የማያልቅ ዕቃ» ማለት እንደሆነ፣ ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ ታሪካቸው ውስጥ የፀሐይ አምላክ ለተሰደዱ ወንድማማቾች የሰጣቸው የምግብ ዕቃ ስም መሆኑን ስነግራት ቀና አለች። «የሰራፕታዋ መበለት ማድጋ በይኛ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ልጆቹ ግን ይጠግባሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ድንጋዮቹም ነገርኳት። ሦስተኛው 26 ላይ መቋረጡን ስትሰማ እጇን ትራሷ ሥር ሰደደች።

«15 ይቀርሻል» አለች። «ተይው፣ እኔ እሞላዋለሁ።»