መቁረጫ ነጥቡ የት ጋ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የቅጥርና የእድገት ፈተና ላይ ጥቁሩና ነጩ እኩል አላመጣም ሲባል ሁሉም «ፈተናው ያዳላል»፣ «አያዳላም» ብሎ ይነታረካል። መጀመሪያ ግን ቁጥሩን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የኮኔቲከቷ ኒው ሄቨን ከተማ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቿ የእድገት ፈተና ሰጠች። ለሌተናንትነት ከቀረቡት 43 ነጮች 25ቱ፣ ከ19 ጥቁሮች ደግሞ 6ቱ አለፉ፤ 58.1 እና 31.6 በመቶ ማለት ነው። ትንሹ ለትልቁ ሲካፈል 54 በመቶ ይመጣል። የ1978ቱ የፌዴራል መመሪያ መነሻ 80 በመቶ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ቀጣሪው ፈተናው ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን ማሳየት አለበት። ሦስት ጥቁሮች ተጨማሪ ቢያልፉ ኖሮ ግን 81 በመቶ ይሆን ነበር! በትንሽ ቁጥር ላይ ይህን ደንብ ብቻውን ማመን አይገባም።

ማለፍ ደግሞ መሾም አይደለም። ክፍት ቦታው 8 ነበር፤ ለእነሱ ሊታጩ የሚችሉት የመጀመሪያዎቹ 10 ሰዎች በሙሉ ነጮች ሆኑ። የጽሑፉ ፈተና 60፣ የቃሉ 40 በመቶ ይያዝ ነበር። ከተማዋ ክስ ፈርታ ውጤቱን ጣለችው፤ በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደባት። የ60 እና 40ውን ክብደት መመርመር የነበረባት ስም ዝርዝሩ ከመታየቱ በፊት ነው።

መቁረጫው፣ ማለትም የማለፊያው ነጥብስ? የሁለት ቡድኖች አማካይ በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ነጥቦች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚለካበት መለኪያ) ይራራቃል፣ ሥርጭታቸውም አንድ ዓይነት የደወል ቅርጽ (ኖርማል) አለው እንበል። ከፍተኛው አማካይ ላይ ብትቆርጡ 50 እና 16 በመቶ ያልፋል። በአንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብታወርዱት 84 እና 50፣ ብታወጡት 16 እና 2። ፈተናውም ተፈታኙም ያው ናቸው። በዘር ነጥብ መጨመር ደግሞ ከ1991 ጀምሮ በሕግ ተከልክሏል፤ አታስቡት።

ብዙዎች የሚስቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ለዓመታት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ከሥራ ውጤት ጋር ያለው ተዛምዶ 0.51 ነው (0 ምንም፣ 1 ፍጹም ተዛምዶ ማለት ነው) ሲባል ኖሮ፣ በ2022 የወጣ አዲስ ስሌት ወደ 0.31 አወረደው፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.42 አገኘ። በቃለ መጠይቁ የቡድኖቹ ልዩነትም ጠበብ ይላል። ነገር ግን የጽሑፉን ፈተና በር ላይ አቁማችሁ ቃለ መጠይቁን ወደ ውስጥ ካስገባችሁት፣ በሩ ላይ የቀረውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ሁለቱንም ለሁሉም ስጡና ነጥቡን ደምሩ።