ነፃ ከወጣሁ በኋላ «ነፃ እናውጣሽ» ያሉኝ ሰዎች

ጌታን የተቀበልኩ ሰሞን ይህን ቁጭ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ እንባ ይቀርልኝ ነበር። የምጽፈው ለአዲስ አማኞች ነው፤ በተለይ እንደኔ ዛር ካለበት ቤት ለመጣችሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ወንጌል ሰማሁ፣ አመንኩ፣ የደኅንነት ትምህርት ተማርኩ፣ ተጠመቅኩ። እናቴን ከፋት፤ ግን ከቤት አላስወጣችኝም።

አያቴ ዛር ነበረባት። ወሎ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቀኑ ሲደርስ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ዶሮ ይታረዳል። ጨሌዋ ሙዳይ ውስጥ ነበር፤ ቀይና ጥቁር ዶቃ፣ ክሩ በቅቤ የወየበ። እኛ ልጆቹ «እንዳትነኩ» እየተባልን ነው ያደግነው። እሷ ስትሞት ሙዳዩ ለእናቴ ቀረ። ስጠመቅ ያ ሁሉ ፍርሃት ከላዬ ወረደ። መብራት አጥፍቼ መተኛት ጀመርኩ።

ከዚያ አንዲት እህት «ነፃ የማውጣት አገልግሎት አለ፣ ነቢዩ ኃይለኛ ነው» ብላ ወሰደችኝ። ራሴን በጣም ያመኝ ስለነበር ሄድኩ። መግቢያው ላይ ቅጽ አስሞሉኝ። የእናትና የአባት ወገን ማን ነው፣ ጠንቋይ ቤት የሄደ አለ ወይ፣ አእምሮውን የታመመ አለ ወይ፣ መውለድ ያቃተው አለ ወይ? ሁሉንም ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቶ ነቢዩ መድረክ ላይ ጠራኝና «በእናትሽ ወገን የዛር መንፈስ አያለሁ» አለ። ሕዝቡ እልል አለ። የጻፍኩትን ነው መልሶ የነገረኝ!

ከዚያ በኋላ መውጫ የለም። ሲጸለይልኝ ካልወደቅኩ «ተደብቋል» ይላሉ። ካለቀስኩ የሚያለቅሰው መንፈሱ ነው። ዝም ካልኩ ዲዳ መንፈስ ነው። ራስ ምታቱ ሲተወኝ «መውጣት ጀመረ»፣ ሲመለስ «ሰባት ሆኖ መጣ»። በየሳምንቱ የሚገዛ ዘይት አለ፣ የሚገዛ ውሃ አለ፣ «ዘር ዝሪ» የሚባል ገንዘብ አለ። ደሞዜ እዚያ አለቀ። ከሁሉም የባሰው «ጨሌውን ለእናትሽ ሳትነግሪ አምጪ፣ እናቃጥለዋለን» ሲሉኝ ነው። እንቢ አልኩ፤ የእናቴ ዕቃ ነው፣ አልሰርቃትም። «ይሄን የምትናገሪው አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ነው» አሉኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት ነሽ የተባልኩ ሰው፣ በራሴ አፍ የተናገርኩት እንኳ የኔ አይደለም ተባልኩ። እንደገና መብራት እያበራሁ መተኛት ጀመርኩ።

ያወጣችኝ የቤት ኅብረታችን መሪ ናት፤ በዕድሜ እናቴ ናት። የሚጠቅሱልኝን ዘጸአት 20፥5 አስነበበችኝ፤ የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ የሚለውን። «ለማን ነው የሚለው?» አለችኝ። ለሚጠሉኝ ይላል። «ቀጥዪ» አለች። ቁጥር 6 ላይ ለሚወድዱት ግን እስከ ሺህ ትውልድ ምሕረት ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ቁጥር 6ን ያነበበልኝ የለም። ቀጥላ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም የሚለውን ሕዝቅኤል 18ን፣ ከዚያ ክርስቶስ ከሕግ እርግማን ዋጀን የሚለውን ገላትያ 3፥13ን አስነበበችኝ። የገላትያ ሰዎች እኮ ጣዖት ሲያመልኩ የኖሩ ናቸው፤ ጳውሎስ ግን የአያቶቻችሁን ስም ጻፉልኝ አላላቸውም። ክርስቶስ ነፃ አውጥቷችኋል፣ ጸንታችሁ ቁሙ፣ እንደገና በባርነት ቀንበር አትያዙ ነው ያላቸው። ኤፌሶን ከተማም ላይ (የሐዋርያት ሥራ 19) የጥንቆላ መጻሕፍት የተቃጠሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው አምጥተው ነው፤ ከእናቱ ሰርቆ ያመጣ አልተጻፈም።

አጋንንት የሉም እያልኩ አይደለም። አሉ፤ ጌታም አስወጥቷል። ግን በቃሉ አዘዘ፣ ወጡ። ዘይት አልሸጠም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አልቀጠረም። ለደቀ መዛሙርቱም በከንቱ ተቀበላችሁ፣ በከንቱ ስጡ ነው ያላቸው። ስለዚህ ብር የተጠየቀበት ቦታ አትቀመጡ። የቤተሰባችሁን ታሪክ ቅጽ ላይ አትሙሉ። ሕመም ካለ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የኔ ማይግሬን ነበር፣ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው፣ እምነቴ አልቀነሰም።

ሌላው ደግሞ፣ ከቤተሰብ ራቁ፣ ለቅሶ ቤት አትሂዱ የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። እኔ ሂዱ ነው የምለው። ለዛር የሚታረደውን አልበላም፤ እናቴም ታውቃለች፣ ለኔ ሽሮ ትሠራለች። እሷ ለቅሶ ስትሄድ ግን አብሬያት ሄጄ ንፍሮውን እቀቅላለሁ።

ስወጣ «ከዚህ ከወጣሽ ዓመት አትቆዪም» ብለውኛል። ዓመቱ ካለፈ ቆየ፤ እሁድ እሁድ ልጆች አስተምራለሁ። እናንተንም እንዲህ ካሏችሁ ስልካቸውን አታንሱ፣ ለመውጣትም ፈቃድ አትጠይቁ። የሞላችሁት ቅጽ ካለ ግን መልሳችሁ ተቀበሏቸው። እኔ ጠይቄ አልሰጡኝም፤ የአያቴ ስም እነሱ ጋ መቅረቱ አሁንም ያናድደኛል።