ስለ ዳርክ ሶልስ የጻፍሁትን ግምገማ እንደገና የጻፍሁበት ምክንያት

በ2011 እ.ኤ.አ. ስለ ወጣው ዳርክ ሶልስ ስለተባለው የቪዲዮ ጌም የመጀመሪያ ግምገማዬን የጻፍሁት ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ተጫውቼ ነበር፤ ፍርዴም «ተጫዋቹን ያለ ምክንያት የሚቀጣ ጌም» የሚል ነበር። የጌሙ መነሻ ማረፊያ በሆነው በፋየርሊንክ ሽራይን አጠገብ ባለው መቃብር አጽሞቹ ደጋግመው ገድለውኝ ስለ ነበር የጻፍሁትን ከልቤ አምኜበታለሁ። ጽሑፉን ለተጫዋቾች ማኅበረሰባችን ባካፈልሁ ምሽት ግን አንድ ነባር ተጫዋች «ወንድሜ፣ ወደ ላይ የሚወስደውን ደረጃ አይተኸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁትም ነበር።

ጌሙ ካርታ አይሰጥም፣ መንገዱንም በቀስት አያመለክትም። የአጽሞቹ ብርታት ራሱ «በዚህ አትለፍ፣ ጊዜው ገና ነው» የሚል ምልክት እንደ ነበረ የገባኝ ደረጃውን ወጥቼ ተጫዋቹ ሊደውላቸው ከሚገቡት ሁለት ደወሎች የመጀመሪያውን ፍለጋ ከሄድሁ በኋላ ነው። ከዚያም ደወሉ ካለበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተሳፈርሁበት አሳንሰር ቁልቁል ወርዶ መልሶ እዚያው ፋየርሊንክ ሲያደርሰኝ፣ ለየብቻ የመሰሉኝ ስፍራዎች ሁሉ የአንድ ግቢ ክፍሎች ሆነው ታዩኝ፤ በጌም ውስጥ እንዲህ ያለ የቦታ አሠራር ከዚያ በፊት አላየሁም።

ሁለተኛውን ግምገማ የጻፍሁት ጨርሼው ነው። ስንት ሰዓት እንደ ተጫወትሁና የት እንደ ደረስሁ በመጀመሪያው መስመር አሰፈርሁ፤ የቀድሞውንም ጽሑፍ ስሕተቱ እንዲታይ ሳልሰርዝ ከሥሩ ተውሁት። ብላይትታውን በተባለው የጌሙ ስፍራ ውስጥ የምስሉ እንቅስቃሴ መንቀራፈፉን ግን አሁንም እንደ ጉድለት ቆጥሬዋለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠውን የተማርሁት ግን ስለ ጌሙ ታሪክ ስንከራከር ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ ከአቅሙ በላይ የሆኑ መጻሕፍትን ሲያነብ ያልገባውን በምናቡ ይሞላ እንደ ነበር ተናግሯል፤ የዳርክ ሶልስም ታሪክ የሚነገረው በአብዛኛው በዕቃዎች ላይ በተጻፉ አጫጭር መግለጫዎች በመሆኑ፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነው ለእኛ እያንዳንዱ ቃል ያከራክራል። በጌሙ ውስጥ ተጫዋቹን የሚረዳው ባላባቱ ሶሌር ከማዕረጉ የተሻረው የአማልክቱ አለቃ የግዊን የበኵር ልጅ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርሁ። የበኵሩ ቀለበት የተባለው ዕቃ መግለጫ የልጁ ስም እንኳ ዛሬ እንደማይታወቅ ይናገራልና ግምቱ ደስ ያሰኛል። አንዲት እኅታችን ግን የሶሌርን የጦር ልብስ መግለጫ ተርጕማ አቀረበች፤ ልብሱ የተለየ ኀይል እንደሌለው፣ ብቃቱም የገዛ ልምምዱ ፍሬ ብቻ እንደሆነ ይላል። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ከዕቃው ላይ ሳላነብብ ስለ ማንም ገጸ ባሕርይ አልጽፍም፤ ሶሌርንም በልምምዱ የበረታ ተራ ሰው አድርጌ ሳስበው ይበልጥ እወደዋለሁ።